አምባዛና ቆሮሶ በአንድ ኩሬ
ለኩሬው ወለል የሚስማማ ጎረቤት ስለ መምረጥ

በሬን ከበሬ ጋራ የሚጠምድ ገበሬ የሁለቱን ጉልበት ሳይመዝን አይጠምድም። አንደኛው ብርቱ፣ ሁለተኛው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ቀንበሩ ይጣመማል፤ ደካማውም ይጐዳል፤ እርሻውም ሳይታረስ ይቀራል። ይህን ለበሬ የሚደረገውን ጥንቃቄ ለዓሣም ማድረግ እንደሚገባ የሚያስበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ዓሣ ሁሉ በውሃ ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ብቻ አብሮ ለመኖር የሚችል ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ሰው አንዱን ከወንዝ፣ ሌላውን ከሐይቅ እያመጣ በአንድ ኩሬ ይጨምርና በመከር ቀን መረቡን ሲስብ ያላሰበውን ያገኛል።

እንዲህ ያለ ጥፋት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ገበሬው ኩሬውን ቆፍሮ ቆሮሶ ያስገባል። ዓሣው ይበዛል፤ ነገር ግን አያድግም። ጎረቤቶቹም «አምባዛ ጨምርበትና ያሳሳልሃል» ብለው ይመክሩታል። እርሱም ከወንዝ ክንድ የሚያህሉ አምባዛዎች ተጠምደው ሲመጡለት እጅግ ደስ ብሎት ወደ ኩሬው ይለቃቸዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃው ሲጠነፈፍ የሚገኙት እነዚያው አምባዛዎች ብቻ ናቸው፤ ወፍረዋል፤ ቆሮሶው ግን ትልቁም ትንሹም የለም። ምክሩ በመሠረቱ ሐሰት አልነበረም። የተሳሳተው ጎረቤት የሚሆነውን ዓሣ በዓይነቱ መርጦ በመጠኑና በጊዜው ሳይመርጥ መቅረቱ ነው።

የቆሮሶ ጠባይና የመብዛቱ ጣጣ

በኢትዮጵያ የዓሣ ኩሬ የሚቆፍር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስገባው ቆሮሶን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ቆሮሶ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚገኝ የአገር ተወላጅ ዓሣ ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያስመስሉትን ደቃቅ ዕፀዋት ይመገባል፤ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢሰጠው አይንቅም፤ ሥጋው ነጭና ጣዕሙ መልካም ስለ ሆነ በገበያ ይፈለጋል። ውሃው ሙቅ በሆነበት አገር፣ ይልቁንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆነው ስፍራ፣ እድገቱ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ነገር ግን ይህ በጎ ዓሣ አንድ ብርቱ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ያለ ልክ መራባቱ ነው። በኩሬ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ከተወለደ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ለመውለድ ይደርሳል። ኩሬው በተጨናነቀ ጊዜ ደግሞ ገና በትንሽነቱ መውለድ ይጀምራል። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ ክብ ጐድጓዳ ጎጆ ይቆፍርና ወደ ጎጆው የሚቀርበውን ሌላ ዓሣ ሁሉ እየነከሰ ያባርራል። ሴቲቱ እንቍላልዋን ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስባለች፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ሌሎች ብዙ ዓሦች እንቍላላቸውን በትነው ስለሚሄዱ አብዛኛው ይጠፋል። የቆሮሶ ጫጩት ግን በእናቱ አፍ ተጠብቆ ስለሚያድግ ብዙው ይተርፋል። ውሃው በሞቀ ጊዜም ሴቲቱ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ወር ተኩል በኋላ እንደ ገና ትወልዳለች።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ የበለጠ ይገለጣል። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ካሬ ሜትር ነው። በየካሬ ሜትሩ ሁለት ሁለት ዓሣ ቢገባበት 400 ቆሮሶ ይሆናል። ከእነዚህ እኩሌታው ሴት ቢሆኑ 200 እናቶች አሉ ማለት ነው። 100 ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ ወደ 100 የሚጠጋ እንቍላል ትጥላለች። እንግዲህ በአንድ ወሊድ ብቻ 20,000 እንቍላል ይገኛል። ከመቶው አሥሩ ብቻ ቢተርፍ እንኳ 2,000 አዲስ አፍ ወደ ኩሬው ይጨመራል፤ ይህም መጀመሪያ ከገባው አምስት እጥፍ ነው። ምግቡና አየሩ ለ400 ዓሣ የተመጠነ ስለ ነበር ሁሉም ይራባል፤ ማንም አያድግም። በመከር ቀን የሚወጣው ጣት የሚያህል ዓሣ ብቻ ይሆናል። ይህም ለቤተሰብ ወጥ የማይበቃ፣ ለነጋዴም የማይሸጥ ነው። «ዓሣ አልሆነልኝም» ተብሎ የተተወ፣ የከብት ማጠጫ ሆኖ የቀረ ኩሬ ብዙ ጊዜ የዚህ ጣጣ ውጤት ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት ዋና ዋና መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ወንድ ወንዱን ብቻ ለይቶ ማርባት ነው። ይህ ግን የሠለጠነ ዓይን ወይም ልዩ የማርቢያ ቤት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው በኩሬው ወለል ላይ ጫጩቱን እየለቀመ የሚያሳሳ ጠባቂ ማኖር ነው። የምርጫው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ጠባቂ ለመሆን የቀረቡት

በመጀመሪያ የሚታሰበው ካርፕ ነው። ካርፕ በእውነት የወለል ዓሣ ነው፤ አፉን ወደ ጭቃው አስገብቶ ትልና ጥራጥሬ ይለቅማል። ጠባዩም ገር ስለ ሆነ ቆሮሶን አያጠቃም። ብርድን ስለሚችል ለደጋ ኩሬ ከቆሮሶ ይልቅ ይስማማል። ሆኖም ጫጩት አሳዳጅ ባለመሆኑ የቆሮሶን መብዛት አይገታም። ከዚህም በላይ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ የግድቡንም እግር ይሸረሽራል። ስለዚህ ካርፕ በወለል ላይ የሚባክነውን ምግብ ወደ ሥጋ የሚለውጥ መልካም ተባባሪ ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም።

ሁለተኛው ቢልቻ ነው። ቢልቻም ከወለሉ አጠገብ የሚመገብ የአገር ዓሣ ነው፤ ነገር ግን የሚፈስ ንጹሕ ውሃ የለመደ ስለ ሆነ በቆመ ኩሬ አይመቸውም፤ እድገቱም ከቆሮሶ ያንሳል።

ሦስተኛው ናይል ፐርች ነው። ይህ በጫሞ፣ በዓባያና በባሮ የሚገኝ ታላቅና ኃይለኛ አዳኝ ነው። ጫጩት በመብላት የሚተካከለው የለም። ነገር ግን አየር ያነሰበትን ውሃ ከቶ አይችልም፤ ከመረብ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ኩሬ ሲዛወርም በቀላሉ ይሞታል። ለትንሽ ገበሬ ኩሬ የሚሆን አይደለም።

አራተኛው አምባዛ ነው። አምባዛ ከኩሬ ኑሮ ጋራ እጅግ የሚስማማ፣ በወለል ላይ የሚያድር፣ ጫጩትን የሚያሳድድ ዓሣ ነው። በኃይለኛነቱም የታወቀ ነው። እንግዲህ ምርጫው በእርሱ ላይ ቢወድቅ፣ ጥበቡ ኃይሉን ወደሚጠቅምበት ስፍራ መምራት ነው።

አምባዛ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው

አምባዛ ከናይል ወንዝ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወንዞች ድረስ ይገኛል። የጥንት ግብጻውያን ጢማሙን ዓሣ አጥብቀው ያውቁት ስለ ነበር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ዓመት ገደማ የነገሠው የንጉሥ ናርሜር ስም በጢማም ዓሣ ሥዕል ይጻፍ ነበር። ገላው ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢሞች አሉት። በጭቃ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓይን ብዙ ስለማይጠቅም አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በእነዚህ ጢሞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው። የሚያድነው በተለይ በሌሊት ነው።

ሁለት ነገሮች ከሌሎች ዓሦች ይለዩታል። አንደኛው በስንጥብ ከሚተነፍሰው ሌላ ከውሃው በላይ ያለውን አየር የሚስብበት ብልት ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላው ዓሣ በታፈነበት ውሃ እርሱ ይኖራል፤ በዝናም ሌሊትም ከኩሬ ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ለመሻገር ይችላል። ሁለተኛው በኩሬ ውስጥ በገዛ ራሱ አዘውትሮ የማይወልድ መሆኑ ነው። አምባዛ የሚራባው በክረምት ጎርፍ ሲመጣና የሐይቅና የወንዝ ዳር ሣር በውሃ ሲሸፈን ነው። በኩሬ ውስጥ ይህን ስለማያገኝ፣ ገበሬው 40 ቢያስገባ በመከር የሚያገኘው ከ40 የማይበልጥ ነው። ጠባቂው ራሱ እየበዛ ሁለተኛ ጣጣ አይሆንም ማለት ነው።

መለኪያው አፍ ነው

አምባዛ የያዘውን አያኝክም፤ እንዳለ ይውጣል። ጥርሶቹ እንደ ሞረድ የተደረደሩ ደቃቃ ናቸው፤ ለመያዝ እንጂ ለመቍረጥ አልተሠሩም። ከዚህ የተነሣ ለአምባዛ የትኛው ዓሣ ጎረቤት፣ የትኛውስ ምግብ እንደሚሆን የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው። በአፉ የሚገባው ሁሉ ምግቡ ነው፤ የማይገባው ጎረቤቱ ነው።

ቆሮሶ ከጀርባው እስከ ሆዱ ሰፊ ነው፤ በጀርባው ክንፍ ላይም ጠንካራ እሾህ አለው። ስለዚህ ትንሽ አምባዛ ትልቅ ቆሮሶን ለመዋጥ አይችልም። ገበሬውም ሁለቱን ከማገናኘቱ በፊት አንድ አምባዛና አንድ ቆሮሶ በእጁ ይዞ ቢያመዛዝን ይበቃዋል። የአምባዛው አፍ ሲከፈት ስፋቱ ከቆሮሶው ጀርባ እስከ ሆዱ ካለው ቁመት በብዙ ካላነሰ ጊዜው ገና ነው።

ከዚህ መሠረታዊ ሕግ የሥራው ቅደም ተከተል ይወጣል። አስቀድሞ የሚገባው ቆሮሶ ነው፤ እያንዳንዱም ከ20 እስከ 30 ግራም ቢመዝን መልካም ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያህል ብቻውን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ይደልባል፤ መውለድም ወደሚጀምርበት ወራት ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ከ5 እስከ 10 ግራም የሚመዝኑ የአምባዛ ጫጩቶች ይገባሉ። እነዚህ ትልቁን ቆሮሶ ሊነኩት አይችሉም፤ አዲስ የተወለደውን ጫጩት ግን ይበላሉ። ከወንዝ የተያዘ ጐልማሳ አምባዛ በምንም ምክንያት መግባት የለበትም።

ስለ ቍጥሩ የተደረጉት ሙከራዎች እንደ ውሃው ሙቀትና እንደ ምግቡ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ለጀማሪ ግን ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ የተመዛዘነ መነሻ ነው፤ ከላይ ለተጠቀሰው ኩሬ 40 አምባዛ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ጫጩቱ አሁንም የበዛ እንደ ሆነ ቍጥሩን መጨመር ይቻላል። አምባዛ ጫጩቱን ጨርሶ ያጠፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ግን አይገባም፤ ያሳሳል እንጂ አይጨርስም። የሚፈለገውም ይኸው ማሳሳቱ ነው።

የሚገቡት አምባዛዎች እርስ በርሳቸውም እኩዮች መሆን አለባቸው። አምባዛ ወንድሙን የማይምር ፍጥረት ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ በልጦ ያደገ እንደ ሆነ ታናናሾቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ስለዚህ ጫጩት ሲገዛ በትልቅነት መደሰት ሳይሆን በእኩልነት መደሰት ይገባል።

ስለ አጠባበቁ

አምባዛ አዳኝ ስለ ሆነ ምግብ አያስፈልገውም ብሎ ማስራብ ስሕተት ነው። የተራበ አምባዛ የእኩዮቹን ጅራትና ክንፍ ይነክሳል። አለ ልክ የጠገበ አምባዛ ደግሞ ጫጩት ለማሳደድ ይሰንፋል። መካከለኛው መንገድ የቆሮሶውን ፍሩሽካና ፋጉሎ በቀን መስጠት፣ ለአምባዛው ደግሞ ወደ ማታ ጥቂት ምስጥ ወይም ከእርድ የተረፈ ሥጋ ነክ ነገር መጣል ነው። የኩሬው ዳር ሣር መታጨድ አለበት፤ ሣሩ የበዛ እንደ ሆነ ጫጩቱ በዚያ ተሸሽጎ ያድጋልና።

በውሃው ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ልዩ አስተያየት ይገባዋል። በኩሬ ውስጥ ያለው አየር እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከመውጣትዋ በፊት ነው። ፍግ በበዛበት ኩሬ ቆሮሶው በዚህ ሰዓት ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከውሃው ወለል ጋራ አጋጥሞ ሲያለከልክ ይታያል። ይህ የአደጋ ምልክት ስለ ሆነ ምግቡንና ፍጉን ማቆም፣ አዲስ ውሃም ማስገባት ያስፈልጋል። በዚያው ሰዓት ግን አምባዛው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይመላለሳል፤ ከላይ አየር ስቦ ይመለሳልና። ስለዚህ አምባዛ በሕይወት መኖሩ የውሃው ደኅንነት ማስረጃ አይደለም። ገበሬው ዘወትር መመልከት ያለበት ደካማውን ነው፤ ብርቱው በሚችለው ውሃ ሁሉ ደካማው አይኖርም።

ግድቡም ከውሃው በላይ ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል። የውሃው መግቢያና መውጫ በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይዘጋል። በክረምት ሌሊት አምባዛው ወጥቶ ቢሄድ የሚጐዳው የኩሬው ባለቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ኩሬ ነው።

በመጨረሻም የመከሩ ቀን መዘግየት የለበትም። ሙቅ በሆነ ውሃ ጥሩ ምግብ ያገኘ ቆሮሶ በስድስት ወር ያህል ወደ 200 ግራም ሊደርስ ይችላል። አምባዛው ግን ከእርሱ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ በመጀመሪያ ጠባብ የነበረው አፍ ይሰፋል፤ ሙሉ ዕድሜ ያገኘ አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ ለመርዘም የሚችል ነውና። ኩሬው በጊዜው ያልተመከረ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ወራት ጠባቂ የነበረው በሁለተኛው ወራት ቀማኛ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ተጠንፍፎ አምባዛ ሁሉ መውጣት አለበት፤ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር አንድም እንዳይኖር ወለሉ እስኪሰነጠቅ በፀሐይ መድረቅ ይገባዋል።

የገበያው ነገር

ኩሬው ቢሳካም ገበያው ካልተቀበለ ድካሙ ከንቱ ነው። በኦሪቱ ሕግ ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ታዝዞ ስለሚገኝ፣ በኢትዮጵያ ብዙ የተዋሕዶ ምእመናን አምባዛን አይበሉም። በዚህም የተነሣ በአንዳንድ ከተማ ቆሮሶ በሚሸጥበት ገበያ አምባዛ ገዢ ያጣል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ሥጋው ወፍራምና አጥንቱ ጥቂት በመሆኑ ይወደዳል። በናይጄርያና በኡጋንዳ አምባዛ ከዋና ዋናዎቹ የኩሬ ዓሦች አንዱ ሆኖአል። ስለዚህ ገበሬው አምባዛ ከማስገባቱ በፊት በአካባቢው ያለውን ሸማች፣ የምግብ ቤቱንም ባለቤት መጠየቅ ይገባዋል። አምባዛን የማይወድ አገር ቢሆን እንኳ በአነስተኛ ቍጥር ማስገባቱ ሊጠቅም ይችላል፤ ጥቅሙ በራሱ ዋጋ ሳይሆን ባሳደገው የቆሮሶ ክብደት ይቈጠራልና። ይህ ግን ታስቦበት የተደረገ መሆን አለበት እንጂ በመከር ቀን የሚደርስ ድንገተኛ ነገር መሆን የለበትም።

በከተማ ላለው በመስታወት ሣጥን

ኩሬ የሌለው የከተማ ሰው በቤቱ፣ ወይም ሆቴልና ትምህርት ቤት በአዳራሹ፣ ጌጠኛ ዓሣ በመስታወት ሣጥን ሲያኖር የሚያጋጥመው ጥያቄ ከገበሬው ጥያቄ የተለየ አይደለም። በመላው ዓለም ለዚህ ከሚወደዱት ትልልቅ ዓሦች አንዱ ኦስካር ነው። ኦስካር ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን ወንዝ የመጣ የቆሮሶ ሩቅ ዘመድ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ሣጥኑን እንደ ግዛቱ ቈጥሮ ጠጠሩን ይቆፍራል፤ በአፉ የሚገባውን ሁሉ ይውጣል።

የወደቀውን ምግብ ይለቅማሉ ተብለው ትንንሽ ጢማም ዓሦች ከኦስካር በታች ሲገቡ ሁለት ጥፋት ይደርሳል። ትንሹ ዓሣ ይዋጣል፤ ሲዋጥም በደረቱ ክንፍ ላይ ያለውን እሾህ ግትር ስለሚያደርግ በኦስካሩ ጕሮሮ ተሰንቅሮ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ ለወለሉ የሚመረጠው ከመጀመሪያው ለመዋጥ የማይመች ዓሣ ነው። አንዱ ገላው እንደ ጥሩር በጠንካራ ሳህን የተሸፈነው፣ በአፉ ድንጋይ እየጠባ የሚኖረው ፕሌኮ ነው። ሌላው ሲኖዶንቲስ የሚባለው የአፍሪካ ጢማም ዓሣ ሲሆን ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ በጫሞና በባሮ ይገኛሉ። ሁለቱም በቂ አካል ካገኙ በኋላ መግባት አለባቸው።

በኩሬ ውስጥ መሸሸጊያ ለጫጩቱ ስለሚሆን ይነሣል፤ በመስታወት ሣጥን ግን ለወለሉ ዓሣ መሸሸጊያ ማበጀት ግዴታ ነው። የእንስራ ስባሪ ወይም የሸክላ ቱቦ ቢቀመጥለት ቀኑን በዚያ ያሳልፋል። ምግቡም መብራት ከጠፋ በኋላ ይሰጠው፤ በቀን የተጣለውን ኦስካሩ አያተርፍለትምና። የሣጥኑ ስፋት ለአንድ ኦስካርና ለአንድ የወለል ጎረቤት ከ300 ሊትር ማነስ የለበትም። ዓሣው አድጎ ሣጥኑ በጠበበ ጊዜ ግን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ታላቅ በደል ነው። ፕሌኮ በዚሁ መንገድ በብዙ አገሮች ወንዞች ገብቶ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ አስቸግሮአል።

ኩሬ ይጠነፈፋል፤ ሐይቅ አይጠነፈፍም

ጎረቤትን ያለ ምርመራ መምረጥ በሐይቅ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ምን እንደሚያመጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች አይተዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች ተጨመረ። ዓሣው ለብዙ ዓመታት እምብዛም ሳይታይ ቆይቶ በ1980ዎቹ ያለ ልክ በዛ። በሐይቁ ብቻ ይገኙ ከነበሩት ትንንሽ ዓሦች ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች እንደ ጠፉ ወይም ለመጥፋት እንደ ደረሱ ይገመታል። እርግጥ ነው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ወደ ውጭ አገር ዓሣ የሚልክ ታላቅ ንግድ ተቋቋመ፤ ብዙ ሰውም ሥራ አገኘ። የጠፉትን ዝርያዎች ለመመለስ ግን ገንዘብ አይችልም። ገበሬ በኩሬው ቢሳሳት ውሃውን አፍስሶ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ይጀምራል፤ በሐይቅ የተሠራ ስሕተት ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሹማምንትና የግብርና ባለሙያዎች ልዩ ኃላፊነት አለባቸው። በኢትዮጵያ ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቶአል። በሕይወት ያለ ዓሣ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ የሚያዛውር ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባዋል። ገበሬውን ከወንዝ ጐልማሳ አምባዛ እንዳታመጣ ብሎ መከልከል ብቻም አይበቃም፤ በእርሱ ፈንታ እኩያና ትንሽ ጫጩት የሚያገኝበት ስፍራ ሊዘጋጅለት ይገባል። አምባዛ በኩሬ በገዛ ራሱ አዘውትሮ ስለማይወልድ ጫጩቱ የሚገኘው በሠለጠነ እጅ ከሚያስፈለፍል ማርቢያ ነው። የሰበታው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም በባሕር ዳርና በባቱ ያሉት ማዕከሎች የዚህ ዕውቀት ምንጮች ናቸው። ዕውቀቱና ጫጩቱ ከማዕከሉ ወጥቶ በሩቅ ወረዳ ላለው ኩሬ በጊዜው ካልደረሰ ግን ገበሬው ወደ ወንዙ መውረዱ አይቀርም።

እንግዲህ በኩሬ ወለል ላይ የሚኖረውን ጎረቤት የሚመርጥ ሰው አራት ነገር ይመርምር፤ አፉ ምን ያህል ነው፣ መቼ ይገባል፣ ውሃው ለደካማው ይስማማልን፣ በመከር ቀንስ ማን ይገዛዋል። ኃይለኛ ዓሣ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ኃይሉ በልክ ሲውል ጣት የሚያህለውን ቆሮሶ ወደ ሙሉ ሳህን ይለውጠዋል። በሬውን መዝኖ የሚጠምድ ገበሬ ዓሣውንም መዝኖ ቢያኖር፣ ኩሬው የከብት ማጠጫ ሆኖ አይቀርበትም።